ውርጭና የጓሮ አትክልት

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር እናቴ ከጓሯችን ግርጌ የተከለችው ድንች በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አደረ። ከጎኑ ያለው ጎመን ግን ምንም አልሆነም። ጎረቤቶች «የሰው ዓይን ነው» አሉ፤ እኔ ግን ነገሩን ከተማርነው ጋር ሳስተያየው ምክንያቱን ሌላ ሆኖ አገኘሁት።

እንደሚታወቀው ቡራዩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያላት ደጋ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ስለሚል፣ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ትለቀዋለች። የቀዘቀዘውም አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ከዝቅተኛው ስፍራ ይተኛል። የእኛም ድንች በዚያው ነበር።

ውርጭ ሲበረታ በረዶ የሚሠራው በተክሉ ሕዋሳት መካከል ባለው ክፍተት ሲሆን፣ ከሕዋሳቱ ውስጥ ውሃ እየሳበ ያደርቃቸዋል። የድንች ቅጠል ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይሞታል። ጎመን ግን ብርዱ ቀስ በቀስ ሲመጣ በሕዋሳቱ ውስጥ ስኳር ያከማቻል፤ ስኳር ያለበት ውሃ ደግሞ ቶሎ በረዶ አይሆንም። በብርድ ወራት የተቀነጠሰ ጎመን የሚጣፍጠውም ስለዚህ ነው። (ስለዚህ ለባለሙያዋ ከምንሰጠው ምስጋና ጥቂቱ ለብርዱ ይገባል!) ብርዱ በድንገት ከመጣ ግን ጎመንም ቢሆን ይጎዳል።

ቲማቲምና ቃሪያ የድንች ዘመዶች ናቸውና እንደ እርሱ ውርጭ አይችሉም።

ዘንድሮ ድንቹን ወደ ላይኛው መደብ አዛወርነው። ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ባልነፈሰበት ማታ ጆንያ እናለብሰዋለን፤ ጧት ፀሐይ ስትሞቅ እንገልጠዋለን። እስከ አሁን የጠቆረው ጆንያው ያልደረሰበት ዳሩ ብቻ ነው።