ያረጁ የቦይ መኪናዎች፤ ማደስና ማሻሻል

«ስሎት ካር» የሚባለው መጫወቻ በቦይ ውስጥ እየተመራ የሚሄድ ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። አሮጌውን ፈልጎ መጠገን በአውሮፓና በአሜሪካ የብዙ ሰዎች የትርፍ ጊዜ ሥራ ሆኗል። ነገሩ የሕፃን ጨዋታ ይመስል ይሆናል፤ ዳሩ ግን በጠመኔ የተማርነውን የኤሌክትሪክና የመካኒክ ሕግ በእጅ እየነኩ ለመመርመር ከዚህ የቀለለ መሣሪያ ማግኘት ያስቸግራል። ከዚህም ሌላ አንድ ከበድ ያለ ጥያቄ ያስነሣል። ይኸውም አሮጌ ዕቃ በእጃችን ሲገባ እንደ ነበረ እንጠብቀው ወይስ የተሻለ እናድርገው የሚለው ነው። ስለዚህ አስቀድመን አሠራሩን፥ ቀጥሎ የማደሱንና የማሻሻሉን ዘዴ፥ በመጨረሻም የዚህን ጥያቄ መልስ እንመለከታለን።

1ኛ፤ አሠራሩና ታሪኩ

መንገዱ በመካከሉ ጠባብ ቦይ አለው፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ኮረንቲ የሚያልፍባቸው ሁለት የብረት መስመሮች ተዘርግተዋል። ከመኪናው ሆድ ሥር የወጣው ምላስ በቦዩ ውስጥ ገብቶ መኪናውን ይመራዋል። ከቀጭን የመዳብ ክር የተጐነጐኑ ሁለት ጥብጣቦች ደግሞ መስመሮቹን እየዳሰሱ ኮረንቲውን ለሞተሩ ያደርሳሉ። ተጫዋቹ መሪ አይዝም፤ በእጁ ባለው መቆጣጠሪያ ኮረንቲውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ። መጠምዘዣው ላይ ፍጥነቱን ካልቀነሰ መኪናው ከቦዩ ወጥቶ ይገለበጣል።

እንግሊዛዊው ፍሬድ ፍራንሲስ አስቀድሞ እንደ ሰዓት በመጠምዘዝ የሚሄዱ የላሜራ መኪናዎች ይሠራ ነበር። በ1957 እ.ኤ.አ. የኤሌክትሪክ ሞተር አግብቶባቸው «ስኬሌክስትሪክ» በሚል ስም አወጣቸው። ከ1960 ጀምሮ አካላቸው ፕላስቲክ ሆነ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው አውሮራ ኩባንያ ከእነዚህ በጣም የሚያንሱ መኪናዎች መሸጥ ጀመረ፤ በ1963ም «ተንደርጄት» የተባለውን ጠፍጣፋ ሞተር ያለውን ዓይነት ጨመረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ከተሞች ለዚሁ ጨዋታ ትልልቅ የመወዳደሪያ ቤቶች ተከፍተው ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ዐሥር ዓመቱ ሳይፈጸም ተዘጉ። ሰብሳቢዎች ዛሬ በብርቱ ከሚፈልጓቸው መኪናዎች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቅሪቶች ናቸው።

2ኛ፤ ማደስ

የማደስ መጀመሪያው መፍታት አይደለም፤ ማየት ነው። መኪናውን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ እናነሣለን፤ የጐደለውንም እንመዘግባለን። ከዚያ በኋላ በሙሉው 12 ቮልት ሳይሆን በሁለት የባትሪ ድንጋይ፥ ማለት በ3 ቮልት፥ ሞተሩን እንፈትናለን። ብዙ ጊዜ «ሞቷል» የተባለ ሞተር የቆሸሸ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ቆሻሻው በአብዛኛው የሚከማቸው ኮረንቲውን ለሚሽከረከረው ጥቅል ሽቦ በሚያከፋፍለው የመዳብ ክፍል፥ በኮሙቴተሩ ላይ ነው። እርሱን በአልኮል ማጽዳት ይገባል። በመዳቦቹ መካከል ያሉት ቀጫጭን ክፍተቶችም በእንጨት ስንጥር ይጠረጋሉ፤ የካርቦን ብናኝ ከሞላባቸው ኮረንቲው በአቋራጭ ያልፋልና። ዘይት ለዘንጉ መሽከርከሪያ አንድ ጠብታ ይበቃል፤ ኮሙቴተሩን ግን ዘይት ሊነካው አይገባም። አካሉ የሚታጠበው ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ነው። የፈላ ውሃ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል፤ አሴቶን ደግሞ ያሟሟዋል።

አልኒኮ የተባለው የማግኔት ዓይነት ያለበትን ሞተር ስንፈታ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የሚሽከረከረው ክፍል ከመካከሉ ሲወጣ የማግኔቱ ኀይል ይደክማል። ስለዚህ ክፍሉ ሲወጣ በስፍራው ለስላሳ ብረት ይተካበታል።

3ኛ፤ ማሻሻል

የሚያሻሽል ሰው የሚፈልገው ፍጥነት ነው፤ ፍጥነት ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። ሞተሩ በደቂቃ 18000 ጊዜ ይዞራል እንበል። በዘንጉ ላይ 9 ጥርስ፥ በኋላው ጎማ አክስል ላይ 27 ጥርስ ቢኖር ጎማው 6000 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዲያሜትር 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን መኪናው በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሄዳል። ዘጠኙን ጥርስ በ12 ብንለውጠው የጎማው ዙር 8000፥ ፍጥነቱም 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ነገር ግን ጎማውን የሚያዞረው ጉልበት በሩብ ይቀንሳል። ስለዚህ መኪናው ከመጠምዘዣ ሲወጣ ይዘገያል፤ መጠምዘዣ በበዛበት መንገድም በቀርፋፋው ሊሸነፍ ይችላል።

ሁለተኛው ዘዴ የሞተሩን ሽቦ በወፍራምና በጥቂት ዙር እንደገና መጠምጠም ነው። በኦም ሕግ መሠረት 12 ኦም ያለው ሽቦ በ12 ቮልት ሞተሩ ታግዶ ሲቆም 1 አምፔር ይስባል፤ ወደ 6 ኦም ብናወርደው 2 አምፔር ይስባል። ሙቀቱም ከ12 ዋት ወደ 24 ዋት ይወጣል። የአሮጌ ሞተር ሽቦ ሽፋንና የፕላስቲክ ሻንሲ ይህን አይችሉትም። ስለዚህ ጀማሪ ለውጡን ከጎማ ቢጀምር ይሻለዋል። የደረቀ አሮጌ ላስቲክ በአዲስ ሲተካ መኪናው መንገዱን አጥብቆ ይይዛል፤ ነባሩም ጎማ በፖስታ ታሽጎ ይቀመጣል።

4ኛ፤ የቱን እናድስ፥ የቱን እናሻሽል?

አንዳንዶች «መጫወቻ የተሠራው ሊሮጥ ነው፤ የማይሮጥ መኪና ሬሳ ነው» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ አንዲት ብሎን መለወጥን እንደ ጥፋት ይቈጥራሉ። ሁለቱም ከፊል እውነት ይዘዋል። እኛ የምንከተለው ፍርድ ይህ ነው፤ ሊመለስ የሚችል ለውጥ የተፈቀደ ነው፥ የማይመለስ ለውጥ ግን ምክንያት ይጠየቅበታል። ጎማና ጥርስ ተፈትተው ይመለሳሉ። የተፋቀ ቀለምና የተቈረጠ ሻንሲ አይመለሱም።

አካሉ የተሟላ፥ የፋብሪካው ቀለም ያለበት መኪና ሰነድ ነው። የዘመኑ ሠራተኛ እንዴት እንደ ቀባ፥ ሽቦውን የት እንዳሳለፈ ከእርሱ በቀር የሚነግረን ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያለውን እናጸዳለን፥ እናስነሣለን፥ ከዚያ በላይ አንነካውም። አካሉ የተሰበረ፥ ዓይነቱም በብዛት የሚገኝ መኪና ግን ለልምምድ የተዘጋጀ መምህር ነው፤ ብንቈርጠውም ብንጠመጥመውም ታሪክ አይጐድልም። በሁለቱም መንገድ የሠራነውን ሁሉ በወረቀት ጽፈን ከመኪናው ጋር እናኑር። እንደገና የተቀባን መኪና «እንደ ወጣ ነው» ብሎ መሸጥ ገዢውን ማታለል ብቻ ሳይሆን ከእኛ በኋላ ለሚመረምረው ሰው ሐሰተኛ ማስረጃ መተው ነው።

እንግዲህ ካቻቪቴውን ከማንሣታችን በፊት በእጃችን ያለው ሰነድ ነው ወይስ መምህር ብለን እንጠይቅ። መልሱን ካላወቅን ለጊዜው አቧራውን ብቻ እንጥረግ፤ አቧራ መጥረግ ማንንም አላጸጸተም።