ሊረዳ የሄደው እንዳይሞት፦ ከገዜ ጎፋ ናዳ ለጋሞ ዞን የሚተርፍ የአደጋ መከላከል ትምህርት

1. መግቢያ

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በቀንጮ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ብዙ ሕዝብ ከአንድ ተዳፋት ሥር ተሰብስቦ ነበር። ከባድ ዝናብ ያስከተለው ናዳ ጥቂት ቤቶችን ከነነዋሪዎቻቸው ስለቀበረ፣ ጩኸት የሰማ ሁሉ እየሮጠ መጥቶ አፈሩን በእጅና በአካፋ ይቆፍር ጀመር። በዚህ መካከል ተዳፋቱ ዳግመኛ ተናደና ሊያድኑ የመጡትን ቀበረ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት በዚያው ሳምንት ባወጣው መግለጫ የሟቾች ቁጥር ቢያንስ 257 መድረሱን አስታውቋል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለርዳታ የደረሱ ሰዎች ሲሆኑ፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ባለሙያዎች እንደሚገኙባቸው በወቅቱ ተዘግቧል።

ጎፋና ጋሞ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ መቀመጫው አርባ ምንጭ በሆነ በአንድ ዞን ሥር የቆዩ ናቸው። የመሬታቸው አቀማመጥ፣ የዝናባቸው ወቅትና የሕዝባቸው የመረዳዳት ልማድ ይቀራረባል። ስለዚህ በገዜ ጎፋ የደረሰው ጥፋት ለጋሞ ዞን የሩቅ ዜና አይደለም።

ይህ ጽሑፍ አዲስ የመስክ መረጃ የሚያቀርብ ሳይሆን፣ የታወቁ ክስተቶችንና የአደጋ መከላከል መርሖዎችን መሠረት አድርጎ አንድ ነጥብ የሚያስረዳ ነው። ነጥቡም፦ የአደጋ መከላከል ትምህርት የመጀመሪያውን አደጋ በማስቀረት ላይ ብቻ ካተኮረ፣ ረጂዎችን የሚገድለውን ሁለተኛውን አደጋ ሳይነካው ያልፋል የሚል ነው። «ሁለተኛው አደጋ» ስንል፣ የመጀመሪያውን ያደረሰው ኃይል ወይም ሁኔታ ገና ሳይወገድ ለማዳን በገባው ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ማለታችን ነው።

2. ሐሳባዊ ማዕቀፍ

አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ሃደን በ1970 እ.ኤ.አ. ግድም ያቀረበው የትንተና ሠንጠረዥ ማንኛውንም አደጋ በሦስት ጊዜያት ይከፍለዋል፤ እነሱም ከአደጋው በፊት፣ በአደጋው ጊዜና ከአደጋው በኋላ ናቸው። በየጊዜያቱም የተጎጂው ሰው፣ ጉዳት ያደረሰው ኃይልና የአካባቢው ሁኔታ ለየብቻ ይመረመራሉ። የሠንጠረዡ ትልቁ ጥቅም አደጋን ከዕድልና ከግለሰብ ጥንቃቄ ማጣት አውጥቶ፣ ሊለወጡ ወደሚችሉ ምክንያቶች ማምጣቱ ነው።

ይሁን እንጂ ሠንጠረዡ በተለምዶ ሲሠራበት «በኋላ» የሚለው ክፍል የተጎጂው ሕክምና ብቻ ተደርጎ ይታያል። ለረጂው ግን ያ ጊዜ ገና «በፊት» ነው። የመጀመሪያው አደጋ «በኋላ» የሁለተኛው አደጋ «በፊት» መሆኑን ከተቀበልን፣ ረጂው ከመግባቱ በፊት ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ራሳቸውን የቻሉ የመከላከያ ጊዜ ይሆናሉ።

3. ትንተና

3.1 ተዳፋት። የተናደ ተዳፋት ብዙ ጊዜ ያረፈ ይመስላል እንጂ አያርፍም። ናዳው ሲወርድ በስተላይ ቀጥ ያለ ገደል ትቶ ይሄዳል፤ ከገደሉ በላይ ያለው አፈር ከሥሩ የሚደግፈውን ያጣል። ዝናብ ያጠገበው መሬት ውስጥ ያለው የውሃ ግፊትም ወዲያው አይቀንስም። አዲስ የመሬት ስንጥቅ፣ ያዘነበሉ ዛፎች፣ በድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭና የሚያጉረመርም ድምፅ ቀጣዩ ናዳ መቃረቡን ሊጠቁሙ ይችላሉ። በቁፋሮ ላይ ያለ ሰው ግን ዓይኑ ወደ ታች ነው። ሁሉም ሲቆፍር ወደ ላይ የሚያይ አይኖርም።

3.2 ጉድጓድ። በቤትና በሥራ ቦታ የውሃ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ የሚቆፍርና የሚያጸዳ ሰው ሲወድቅ፣ ወንድሙ ወይም የሥራ ባልደረባው ተከትሎ ይገባል። በጉድጓድ ውስጥ ኦክስጅን ሊያንስ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊጠራቀም ይችላል፤ በነዳጅ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ሞተር ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይመነጫል። ሽታን መመዘኛ ማድረግ አያዋጣም፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ደግሞ ሲበዛ የማሽተት ችሎታን ራሱን ያደነዝዛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ተቋም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በእንዲህ ዓይነት ጠባብና ዝግ ቦታዎች ከሞቱት ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሌላውን ለማዳን የገቡ መሆናቸውን አመልክቷል።

3.3 ኤሌክትሪክ። በቤት ውስጥ በ220 ቮልት መስመር የተያዘን ሰው በእጅ የሚጎትት ረጂ ራሱ የኤሌክትሪኩ መተላለፊያ ይሆናል። ትክክለኛው የመጀመሪያ ርምጃ ሰውየውን መንካት ሳይሆን መስመሩን ከቆጣሪው ማጥፋት ነው። ይህም የሚቻለው የቤቱ ሰው ሁሉ፣ ልጆችም ጭምር፣ ማጥፊያው የት እንዳለ አስቀድሞ ሲያውቁ ነው። በውጭ የተበጠሰ የከፍተኛ ኃይል መስመር ከሆነ ግን መሬቱ ራሱ ሊይዝ ስለሚችል፣ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ ድረስ መቅረብ አይገባም።

3.4 ውሃ። አባያና ጫሞ ሐይቆች፣ የኩልፎ ወንዝና የመስኖ ቦዮች ለአካባቢው ተማሪዎች የዕለት መንገድና መጫወቻ ናቸው። አንድ ልጅ ሲሰምጥ ጓደኛው ዘሎ ይገባል፤ የሰመጠው ልጅ በድንጋጤ ያገኘውን አንገት ስለሚያንቅ ሁለቱም ሊቀሩ ይችላሉ። በሐይቆቹ ያሉት አዞዎች አደጋውን ያብሱታል። መርሑ አጭር ነው፦ ከዳር ሆነህ እንጨት ዘርጋ፤ ካልደረሰ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውር፤ አትግባ። ክዳኑ የተዘጋ ባለ 20 ሊትር ባዶ ጀሪካን የአንድን ዐዋቂ ሰው ጭንቅላት ከውሃ በላይ ለመያዝ በቂ ነው። ገመድ የታሰረበት ጀሪካን ለማንኛውም ትምህርት ቤት ከዐቅም በላይ አይሆንም።

3.5 መንገድ። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በደጋው ጭጋግ ይበዛበታል። በከተማውም ሴቻንና ሲቀላን የሚያገናኘው ቁልቁለት በባጃጅ፣ በሞተር ብስክሌትና በእግረኛ የተሞላ ነው። ግጭት ሲደርስ ሕዝቡ መንገዱ ላይ ይከማቻል፤ ከመታጠፊያው የሚመጣው ሁለተኛ ተሽከርካሪ ግን ይህን አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚላከው ሰው ወደ ተጎጂው ሳይሆን፣ ተሽከርካሪ ወደሚመጣባቸው ሁለቱም አቅጣጫዎች ነው። አሽከርካሪዎቻችን ቅጠል መጎዝጎዛቸው ጥሩ ልማድ ነው፤ ድንጋይ ደርድሮ ትቶ መሄድ ግን በራሱ ሌላ አደጋ ነው።

4. ውይይት

በዚህ ሐሳብ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይኸውም «አፈር ውስጥ ያለ ሰው እስኪጣራ ይሞታል» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። በናዳም በስምጠትም ደቂቃ ሕይወት ነው፤ በገጠር ከባለሙያው አስቀድሞ የሚደርሰውም ጎረቤት ነው። ስለሆነም ጎረቤት እጁን አጣጥፎ ይጠብቅ ማለት ትክክል አይደለም፤ የሚሰማውም አይኖርም። ጥያቄው ይረዳ ወይስ አይረዳ ሳይሆን፣ ስንት ሰው፣ በየት በኩል፣ ማን እየጠበቀው ይግባ የሚለው ነው። በናዳ ቦታ አሥር ሰው ሲቆፍር አንድ ሰው ከጎን ቆሞ ተዳፋቱን ቢመለከት፣ የማምለጫው አቅጣጫ ወደ ጎን መሆኑ አስቀድሞ ቢነገር፣ የቀረው ሕዝብ ከናዳው መውረጃ ውጭ ቢቆም፣ የቁፋሮው ፍጥነት ብዙም አይቀንስም፤ ለአደጋ የሚጋለጠው ሰው ቁጥር ግን በእጅጉ ይቀንሳል።

ሕጋችንም ከዚህ ጋር ይስማማል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 575፣ በከባድና በቅርብ አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻለ ሆን ብሎ የተወን ሰው ያስቀጣል። ሆኖም ግዴታው የሚጸናው በራስም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳይደርስ መርዳት ሲቻል ነው፤ ርዳታውም በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ሊሆን ይችላል። ሰው መጥራት፣ መስመር ማጥፋትና ገመድ መወርወር በሕግ ዓይን ርዳታ ናቸው ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 አሠሪው ሠራተኞቹን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያሳውቅና የመከላከያ ትጥቅ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። በየግቢው በቀን ሙያተኛ የሚቆፈረው ጉድጓድ ግን ከቁጥጥር ዓይን የራቀ በመሆኑ፣ ኃላፊነቱ በተግባር የሚወድቀው በቤቱ ባለቤትና በቆፋሪው ላይ ነው።

5. የመፍትሔ ሐሳቦች

ሀ) በትምህርት ቤቶች «ቁም፤ እይ፤ ጥራ፤ ከዚያ እርዳ» የሚለው ቅደም ተከተል በቃል ብቻ ሳይሆን በልምምድ ይሰጥ። ለልጅ «ጮኾ ሰው መጥራት ማዳን ነው» ብሎ ማስተማር ዘሎ እንዳይገባ የሚያደርግ ዋና ትምህርት ነው።

ለ) ጉድጓድ ከመቆፈሩ ወይም ከመጽዳቱ በፊት ቆፋሪው በገመድ ይታሰር፤ ከላይም ሁለት ሰዎች ይቁሙ። ከላይ ሆኖ መጎተት ከተቻለ ተከትሎ የሚገባ አይኖርም።

ሐ) በዝናብ ወራት ተዳፋት ሥር ያሉ ቀበሌዎች ተራራ ተመልካች ሰዎችንና የማስጠንቀቂያ ድምፅን አስቀድመው ይምረጡ።

መ) ትምህርቱ ሕዝቡ በሚሰማበት ስፍራ ይሰጥ። ጋሞ በዱቡሻ ተሰብስቦ መምከርን፣ እድርተኛውም ጥሪ ሰምቶ መውጣትን ያውቃሉ። ጥሪው ያለ ነው፤ የሚጨመረው ሥርዓት ነው።

ሠ) ለተመራማሪዎች፦ በጤና ተቋማትና በፖሊስ የአደጋ ቅጾች ላይ «ጉዳቱ የደረሰው ሌላ ሰው ለማዳን ሲሞክር ነበርን?» የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር፣ የሁለተኛውን አደጋ ስፋት በዞኑ ለመለካት ይቻላል። ለድኅረ ምረቃ ጥናት ምቹ ርእስ ይመስለናል።

6. ማጠቃለያ

በገዜ ጎፋ የሞቱት ረጂዎች ጥፋታቸው ፈጥነው መድረሳቸው አልነበረም። ፈጥኖ መድረስ ይህ ማኅበረሰብ ካሉት ሀብቶች ሁሉ የከበረ ነው። የጎደለው ወደ ላይ የሚያይ አንድ ሰው፣ የታወቀ የማምለጫ አቅጣጫና የሕዝቡን ብዛት የሚመጥን ሥርዓት ነው። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም፤ የሚጠይቁት ከአደጋው በፊት መነጋገርን ነው።