በእርሾ የጥምረት ዓይነት ለውጥ፦ ልጅ ህዋስ ስለምን አትለወጥም?

የዳቦ እርሾ ህዋስ «ኤ» ወይም «አልፋ» መሆኑን የሚወስነው በሦስተኛው ክሮሞዞም «ማት» ሥፍራ የተቀመጠው ዘረመል ነው። የሁለቱም ዓይነቶች ቅጂ በዚያው ክሮሞዞም ግራና ቀኝ ክንድ ይገኛል፤ ነገር ግን የሲር ፕሮቲኖች አፍነው ስለያዙት አይገለጥም። ኤችኦ የተባለው ኢንዛይም «ማት»ን ሲቆርጥ፣ ስብራቱ ባብዛኛው በተቃራኒው ቅጂ ስለሚጠገን ዓይነቱ ይለወጣል።

ይህን የምታደርገው ግን አንድ ጊዜ የወለደች እናት ህዋስ ብቻ ናት። የአሽ1 መልእክተኛ አርኤንኤ በአክቲን ክሮች ተጓጉዞ ወደ እምቡጧ ጫፍ ይደርሳል፤ ፕሮቲኑም በልጅቱ ኒውክለስ ተከማችቶ የኤችኦን ዘረመል ይዘጋል። እናትና ልጅ አንድ ዓይነት ዲኤንኤ ይዘው ሳለ ዕጣቸው የሚለያየው በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኞቹ የቤተ ሙከራ ዝርያዎች የኤችኦ ጉድለት አለባቸውና፣ በእነርሱ ላይ አሽ1ን ሰርዞ የዓይነት ለውጥ የሚጠብቅ ተማሪ ድካሙ ከንቱ ይሆናል።