መጋጠሚያውን አክብር፦ ለአንድ ወጣት የቴሌኮም ባለሙያ የተጻፈ ምክር

ልጄ፣

ኔትወርክ ሲቋረጥ የሰው ሁሉ ጥርጣሬ የሚያርፈው ውድ በሆነው መሣሪያ ላይ ነው። ካርድ ይቀየራል፣ ሬዲዮ ይወርዳል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ኬብሉ ከመሣሪያው በሚገናኝበት፣ በሁለት ጣት በሚያዘው ኮኔክተር ላይ ነው። ኮኔክተር መግጠምንና ኬብል ማደራጀትን የሙያው ትንሽ ክፍል አድርገው የሚቆጥሩ አሉ። አንተ ከእነሱ ጋር እንዳትቆጠር እፈልጋለሁ። በጥንቃቄ የገጠምከው ኬብል አንተ ከሳይቱ ከሄድክ በኋላ ለዓመታት ያገለግላል፤ በግዴለሽነት የገጠምከው ደግሞ የማታውቀውን ሌላ ቴክኒሻን በጨለማ ታወር ላይ ያስወጣዋል። የምመክርህ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

1. ከመቁረጥህ በፊት የምትቆርጠውን እወቅ።

ኮአክሲያል ኬብል አራት ንብርብር አለው፦ መሀል ላይ መሪው ሽቦ፣ በዙሪያው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ወይም ፎም፣ በዚያ ላይ የተጠለፈ ወይም ድፍን የብረት ሽፋን፣ ከሁሉም ውጭ የፕላስቲክ ልባስ። እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሄቪሳይድ የዚህን ኬብል ሐሳብ በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው። አሜሪካውያኑ ሎይድ ኤስፐንሺድና ኸርማን አፈል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1929 ለሰፊ የፍሪኩዌንሲ መስመር እንዲያገለግል አድርገው የራሳቸውን አስመዘገቡ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢለወጥም ዋናው ሕግ አልተለወጠም፦ ሲግናሉ የሚጓዘው በመሀሉ ሽቦና በውጭው ሽፋን መካከል ባለው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆን አለበት። ኬብሉ ሲረገጥ፣ ሲሰበር ወይም ከልክ በላይ ሲታጠፍ ክፍተቱ ይዛባል፤ ከላይ ልባሱ ደህና መስሎ ቢታይም ውስጡ ተበላሽቷል።

2. 50 ኦህምንና 75 ኦህምን አታደባልቅ።

የሬዲዮና የአንቴና መስመር 50 ኦህም ነው። የቪዲዮ መስመርና በኮአክሲያል የሚሄደው ኢ-ዋን የሚባለው ዲጂታል የስልክ መስመር 75 ኦህም ነው። ቁጥሮቹ በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። በመካከሉ አየር ብቻ ያለው ኬብል ሲግናሉን በትንሹ የሚያባክነው 77 ኦህም አካባቢ ሲሆን፣ ብዙ ኃይል የሚሸከመው ደግሞ 30 ኦህም አካባቢ ነው። 75 ለመጀመሪያው ይቀርባል፤ 50 ደግሞ ሁለቱን ለማስታረቅ የተመረጠ ነው። የ50ውን ኬብል ከ75ቱ ጋር ብታገናኝ በመጋጠሚያው ላይ ከኃይሉ 4 በመቶው ወደ መጣበት ይመለሳል። በኤን-ታይፕ ኮኔክተር ላይ ጉዳቱ ከዚህ ይከፋል። የ50 ኦህሙ ፒን ከ75 ኦህሙ ስለሚወፍር የ75ቱን ሴቴ ፈልቅቆ ያበላሸዋል፤ ከዚያ በኋላ ትክክለኛውን ፒን ብትከትበት እንኳ አጥብቆ አይዝም። በዓይን መለየት ካቃተህ በኬብሉ ልባስ ላይ የታተመውን አንብብ።

3. እያንዳንዱን ኮኔክተር ከነቦታው እወቅ።

ቢኤንሲ በሩብ ዙር ስለሚቆለፍ ቶሎ ቶሎ ለሚነቀል መስመር ይመቻል። ኤን-ታይፕ ጥርሱ ተጠምዝዞ ስለሚገጥም ውጭ ላለ መሣሪያ ይሆናል። 7/16 ዲን ከባድ ኃይል ለሚሸከም የአንቴና መስመር ነው፤ በአዳዲስ ሬዲዮዎች ላይ ደግሞ ከእሱ የሚያንሰውን 4.3-10 ታገኛለህ። ብዙ መስመር በሚታጨቅባቸው ካርዶችና የዲጂታል መስመሮች ማከፋፈያ በሆነው በዲዲኤፍ ላይ እንደ 1.6/5.6 እና 1.0/2.3 ያሉት ትናንሾቹ ይገኛሉ። ዲዲኤፉ በሞጁል የተከፋፈለ ከሆነ ጥቅሙን ተረዳ፦ አንዱን ክፍል ለብቻው አውጥተህ ስትሠራ ጎረቤቱ አይነካም። ከመሣሪያው የሚመጣው ቋሚ ኬብል ከኋላ ይታሰር፤ የሚለዋወጠው ጃምፐር ከፊት ይሁን። ይህ ሥርዓት ከፈረሰ ሞጁሉ ጥቅሙን ያጣል።

4. ስትልጥ ለካ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚባለው ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስለኛል። ለእያንዳንዱ ኮኔክተር ምን ያህል እንደሚላጥ አምራቹ በሚሊሜትር ጽፎ ይሰጥሃል። በግምት አትላጥ። ቢላው የመሀሉን ሽቦ ከጫረው ቆርጠህ እንደገና ጀምር፤ የተጫረ ሽቦ ዛሬ ሠርቶ ነገ ይበጠሳል። ከጥልፉ አንዲት ክር እንኳ ወደ ፒኑ እንዳትጠጋ በደንብ እይ። ፒኑም ሽፋኑም የሚጨመቁት ለኬብሉ በተሠራው መጭመቂያ ነው፤ በፒንሳ የተጨመቀውን ተገጠመ አትበለው። ሲያልቅ በልኩ ሳብ አድርገህ ሞክር። ከዚያ በመለኪያ ሁለት ነገር አረጋግጥ፦ መሀሉ ከመሀል መገናኘቱንና መሀሉ ከሽፋኑ አለመገናኘቱን።

5. የማጥበቂያውን ልክ አክብር።

ከነሐስ የተሠራ ኤስኤምኤ ከ1 ኒውተን ሜትር በታች ይበቃዋል። በቁልፍ የሚጠብቀው 4.3-10 ወደ 5 ይፈልጋል፤ 7/16 ዲን ከ25 እስከ 30። ይህን ልዩነት የሰው እጅ አይለየውምና ልኩን የሚያሳይ ቁልፍ ያዝ። ስታጠብቅ የሚዞረው ነቱ ብቻ ነው፤ ኬብሉ አብሮ ከዞረ ፒኑ ይላጋል።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ በምሳሌ ላሳይህ። የላላ፣ የዛገ ወይም የብረት ብናኝ የገባበት መጋጠሚያ ሁለት ጠንካራ ሲግናሎች ሲያልፉበት የራሱን ሦስተኛ ሲግናል ይፈጥራል። ባለሙያዎች ፒም ይሉታል። ታወሩ በ935 እና በ960 ሜጋኸርዝ እያሰራጨ ነው እንበል። የ935ን እጥፍ ወስደህ 960 ብትቀንስ 910 ይቀርሃል። 910 ደግሞ በጂኤስኤም 900 ላይ ከደንበኛው ስልክ ወደ ታወሩ የሚመጣው ድምፅ የሚጓዝበት፣ ከ890 እስከ 915 ያለው ክልል ውስጥ ነው። ሬዲዮው ደህና፣ አንቴናው ደህና፣ ማንቂያውም ዝም ያለ ሆኖ ሳለ ከሩቅ የሚደውለው ገበሬ አይሰማም። ሁሉም በአንድ ያልጠበቀ ነት ምክንያት ነው።

6. ክረምቱ ሳይገባ ውኃውን ቅደመው።

የአገራችንን የሐምሌ ዝናብ ታውቀዋለህ። ውጭ ያለ ኮኔክተር ሁሉ ውኃ እንዳይገባበት መጠቅለል አለበት፤ መጀመሪያ እርስ በርሱ በሚጣበቀው የጎማ ቴፕ፣ በላዩ በናስትሮ። የመጨረሻውን ዙር ከታች ጀምረህ ወደ ላይ ጠቅልል። የሣር ቤት ሲከደንም ከታች የሚጀመረው የላይኛው የታችኛውን ሸፍኖ ውኃው እንዲወርድ ነው። ኬብሉ ወደ መሣሪያው ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎንበስ ብሎ ይመለስ፤ ጠብታው እዚያ ይቀራል። የፊደሩን (ወደ አንቴናው የሚወጣው ዋና ኬብል) የውጭ ሽፋን ከላይ፣ ከታችና ከመግቢያው በፊት መሬት አስይዘው። በደጋው መብረቅ ብዙ ነው፤ መንገድ ካልሰጠኸው በመሣሪያው በኩል የራሱን መንገድ ይፈልጋል።

7. በራክ ውስጥ ለእጅና ለአየር ቦታ ተው።

ኬብሉ አምራቹ ከፈቀደለት በላይ አይታጠፍ። ክብደቱን ኮኔክተሩ ሳይሆን ማሰሪያው ይሸከም። የፕላስቲክ ማሰሪያ ስትጠቀም ኬብሉን እስኪያንቀው አትሳብ፤ ጃምፐር ለሚበዛበት ቦታ ተከፍቶ የሚዘጋው የጨርቅ ማሰሪያ ይሻላል። የ48 ቮልቱን የኃይል መስመር በአንድ ጎን፣ የሲግናሉን በሌላው አውርድ። ጨርሰህ ስታበቃ ራስህን ጠይቅ፦ አንዱን ካርድ ለማውጣት የጎረቤቱን ኬብል መንቀል ያስፈልጋል? መልሱ አዎ ከሆነ ፍታና እንደገና አደራጅ።

8. በሁለቱም ጫፍ ላይ ስሙን ጻፍ።

ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በሁለቱም ጫፍ በማይለቅ ጽሑፍ ይለጠፍ። ለውጥ ካደረግህ መዝገቡን ያኑ ዕለት አስተካክል። አንድ ኢ-ዋን በሰከንድ 2.048 ሜጋቢት ይዞ በአንድ ጊዜ 30 የስልክ ንግግር ያስተናግዳል። በግምት የነቀልከው አንድ መስመር 30 ሰው ከንግግሩ ይቆርጣል፤ ከእነርሱ አንዱ አምቡላንስ እየጠራ ሊሆን ይችላል። የማይሠራ የሚመስል ኬብልም ቢሆን ሁለቱን ጫፎች ሳታይ አትንቀል።

9. ለክተህ መዝግበህ ውረድ።

ከመጋጠሚያው የሚመለሰውን ኃይል፣ ሪተርን ሎስ የምንለውን፣ ለካ። 20 ዴሲቤል ማለት 1 በመቶው ብቻ ተመለሰ ማለት ነው። ውጤቱን ከነቀኑ አስቀምጥ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ ሰው ሲለካ የሚያነጻጽረው ካንተ ቁጥር ጋር ነው፤ መነሻ ከሌለው ውኃ መግባቱን የሚያውቀው መስመሩ ሲጠፋ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ስትሠራ ማሰራጫው ሳይጠፋ የአንቴና ኮኔክተር አትፍታ፤ መታጠቂያህ ሳይቆለፍም አንድ እርምጃ አትውጣ።

10. ማንም ባያይህም ልክ ሥራ።

የኬብል ሥራ ሲያምር የሚያመሰግን ደንበኛ የለም፤ ስልኩ ሠራለት፣ ሌላውን አያውቅም። ተቆጣጣሪም ታወር ላይ ወጥቶ እያንዳንዱን ነት አይነካም። የቀረው ምስክር ከአንተ በኋላ ራኩን የሚከፍተው ቴክኒሻን ነው። እሱ ሲከፍት ያለ ጥያቄ ሥራውን እንዲጀምር አድርገህ ተውለት። ከአንተ በፊት የነበረው ይህን ካላደረገልህ አትማረር፤ ስታገኘው አስተካክለህ እለፍ።

እጅህን ያበርታው፤ ከወጣህበት በሰላም ያውርድህ።