በሞቴ የማይባልበት ብርጭቆ

የእህቴ ልጅ፣ 21 ዓመት ሞልቶህ ከጓደኞችህ ጋር ጠመቃ ቤት ልትሄድ ነው አሉ። አልከለክልህም፤ ብከለክልህም አትቀርም። ዋሽንግተን አካባቢ መኖር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፣ ጠላውንም ጠጁንም የዚህን አገር ቢራም አውቃለሁ። በስልክ ብነግርህ ግማሹን ስለማትሰማ በቁጥር ጽፌልሃለሁ።

1. ከስሙ በፊት ቁጥሩን አንብብ። ከቢራው ስም አጠገብ የአልኮሉ መጠን በመቶኛ ተጽፏል። አገር ቤት የለመድናቸው የፋብሪካ ቢራዎች አምስት በመቶ ግድም ናቸው። እዚህ አገር ባለ አምስት በመቶ ቢራ በ12 አውንስ፣ ማለትም በ355 ሚሊ ሊትር፣ አንድ መጠጥ ተብሎ ይቆጠራል፤ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለው። የዚሁ ከተማ ጠማቂ ዲሲ ብራው የጠመቀው፣ ኦን ዘ ዊንግስ ኦፍ አርማጌዶን የተባለው ብርቱና መራራ ቢራ፣ ደብል አይፒኤ የሚሉት፣ ግን 9.2 በመቶ ነው። በዚያው ልክ ቢቀዳልህ ወደ 26 ግራም ይደርሳል። አንድ ጠጣሁ ስትል ሁለት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ጠጥተሃል ማለት ነው።

2. ይህችን ደግመህ አንብባት፤ ለመጻፍ ያስነሳችኝ እሷ ናት። እኛ ዘንድ እንግዳ ብርጭቆው ሳይጎድል ይሞላለታል። እምቢ ካለ «በሞቴ» ይባላል፣ አሁንም እምቢ ካለ ይታዘንበታል። ይህ ወግ ያደገው ከጠላ ጋር ነው። ቅራሪውን ቀኑን ሙሉ እየበሉ፣ እየተጫወቱ፣ ብድግ ቁጭ እያሉ ቢጠጡት ብዙም አይጎዳም። ወጉን እንዳለ ወደ ብርቱ ቢራ ስታመጣው ግን ሌላ ነገር ይሆናል። አምስት ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ ያንን ባለ 9.2 በመቶ ቢራ ተራ በተራ ብትጋብዙ፣ በአገሩ ስሌት እያንዳንዳችሁ ከዘጠኝ መጠጥ በላይ ጠጣችሁ። ማንም ሊጎዳህ አላሰበም፤ ሁሉም አክብሮህ ነው። ስለዚህ ልግስናህን ወደ ምግቡ አዙረው። ሒሳብ ልክፈል ካልክ የሳህኑን ክፈል፣ ማጉረስ ካሰኘህም አጉርስ። የማይጠጣ ጓደኛ ካለ ደግሞ «ለምን?» ብለህ አትጠይቀው። ሃይማኖቱ ይሆናል፣ መድኃኒት እየወሰደ ይሆናል፣ ወይም መጠጥ ለመተው ስንት ትግል የታገለ ሰው ይሆናል። በጠረጴዛ ዙሪያ ምክንያቱን እንዲናዘዝ አታስገድደው።

3. ትንሽ ትንሽ አዝዝ። ፍላይት የሚሉት አለ፤ አራት አምስት ዓይነት ቢራ በትንንሽ ብርጭቆ ተደርድሮ ይመጣልሃል። ከቀላሉ ጀምረህ ወደ ብርቱው ሂድ። ከአርማጌዶን ከጀመርክ ቀሪዎቹ ውኃ ይሆኑብሃል።

4. አሁን ወደ መቅመሱ። ብርቱ ቢራ በረዶ ሆኖ አይጠጣም፤ ብርድ ሽታውን ያፍነዋል፣ ምላስንም ያደነዝዛል። ጥቁሩን ስታውት ወይም ባርሊ ዋይኑን ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርስ ተወው። ወዲያው ካልጠጣህ አስተናጋጁ አይቀየምም። ብርጭቆውን ቀስ ብለህ አሽከርክርና አሽትት። ከዚያ ጥቂት ጉንጭህ ውስጥ አዙረህ ዋጥ፤ ከዋጥክ በኋላ በአፍንጫህ ተንፍስ። አብዛኛው ጣዕም የሚመጣው ያኔ ነው።

መራራውን አትፍራ፤ የጌሾ ልጅ ነህ። እኛ ቅጠሉንና እንጨቱን እንጠቀማለን፣ እነሱ ሆፕስ የተባለ የሐረግ አበባ ይጨምራሉ። ቀድሞ ገብቶ ከብቅሉ ጭማቂ ጋር ብዙ የፈላው ሆፕስ ምሬት ይሰጣል፤ መጨረሻ ላይ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ የገባው ደግሞ የብርቱካን፣ የጥድ፣ የማንጎ ሽታ። ብርቱ ቢራ ብዙ ብቅል ይበላል። ከብዙ ብቅል ብዙ ስኳር ይወጣል፣ እርሾውም ያንን ወደ አልኮል ይለውጣል፤ ሳይለወጥ የቀረው ጣፋጭነት ምሬቱን ይገዳደራል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ደረትህ ላይ ሙቀት ይሰማሃል እንጂ ጉሮሮህን አያቃጥልህም። እንደ አረቄ ካቃጠለህና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተህ፣ በጣም ሞቆበት የፈላ መሆኑን ጠርጥር። የረጠበ ካርቶን ከቀመስክ ቢራው አርጅቷል። ውድ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አትበል።

5. ከዶሮ ወጥ ጋር አይፒኤ አታስጠጋ። የሆፕስ ምሬትና አልኮል በርበሬውን ያባብሱታል። ጥብስ ከሆነና ሚጥሚጣው ካልበዛ ቡናማ፣ ብቅል ብቅል የሚለው ቢራ ይሻላል። ስታውት ከቆሎ ጋር ሞክር፤ ስታውትን የሚያጠቁረውም እንደ ቡና የተቆላ ገብስ ነውና ይስማማሉ። እናትህ «የእናንተ ቢራ ሽታ የለውም» ካለችህ ደግሞ የጀርመኖቹን የባምበርግ የጭስ ቢራ ፈልግላት። ብቅሉ በእንጨት ጭስ ስለሚደርቅ፣ በወይራ የታጠነ ጋን ለምታውቅ ሴት እንግዳ አይሆንባትም።

6. በጾም ከሄድክ ጠይቅ። ሚልክ ስታውት የሚባለው ውስጥ የወተት ስኳር አለ፤ ደፍረስ ያሉ አንዳንድ አይፒኤዎችም ይጨምሩበታል። ከነጭራሹ መቅረቱን ብመርጥልህም የንስሐ አባትህ አይደለሁም።

7. የታሸገበትን ቀን እይ። አይፒኤ ትኩሱ ነው የሚጠጣው፤ ብርቱ ስታውት ግን ጨለማ ቦታ ቢቆይም ይታገሣል።

8. የጠማቂውን ታሪክ ጠይቅ። በትንሽ ጠመቃ ቤት የሚቀዳልህ ሰው አንዳንዴ ራሱ የጠመቀው ነው። ይህ ከተማ አንድ ትልቅ ጠማቂ ነበረው፤ ክርስቲያን ሆይሪክ የሚባል፣ እንደኛው በስደት ከጀርመን የመጣ፣ 102 ዓመት የኖረ ሰው ነው። ፋብሪካው ዛሬ የኬኔዲ ማዕከል ያለበት አካባቢ ነበር፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1956 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በከተማው ውስጥ ተጠምቆና ታሽጎ የሚሸጥ ቢራ እንደገና የወጣው ዲሲ ብራው በ2011 ሲከፈት ነው። ይህ ሁሉ የትንንሽ ጠማቂ መንጋ ሥሩ ቤት ውስጥ ነው፦ ፕሬዚዳንት ካርተር በ1978 በፈረሙት ሕግ ለቤተሰብ ቢራ መጥመቅ በፌዴራል ደረጃ ተፈቀደ። ሁለትና ከዚያ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን፣ ብቻውን የሚኖር አዋቂ 100 ጋሎን መጥመቅ ይችላል፤ መሸጥ ግን አይቻልም። አክስትህ ምድር ቤት ውስጥ ጠላዋን ስትጠነስስ በሹክሹክታ ማውራቷን ትተው።

9. መኪና ይዘህ አትሂድ። በዲሲም፣ በሜሪላንድም፣ በቨርጂኒያም የደም አልኮል ወሰኑ 0.08 በመቶ ነው፤ ከዚያ በታች ሆነህም መንዳትህ ከተበላሸ ልትከሰስ ትችላለህ። ቡናም ቀዝቃዛ ውኃም ቶሎ አያጠራህም፤ ጉበትህ በራሱ ሰዓት ነው የሚሠራው። ቁልፉን ቤት ተው፣ በባቡር ወይም በታክሲ ተመለስ። ገንዘብ ካጠረህ በየትኛውም ሰዓት ደውልልኝ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ። በዚያ ሌሊት አንድ ቃል አልናገርህም። ጠዋት ግን ቁርስ ላይ አለሁልህ።