ከሰርቨር የወጣ ቃል ለስክሪፕት ስለሚደርስበት ሥርዓት

ድረ ገጽ በሁለት ሠራተኞች ይሰናዳል። አንደኛው መዝገብ ጠባቂው ሰርቨር ነው፤ ሁለተኛው በአንባቢው ብራውዘር ውስጥ የሚሠራው ጃቫ ስክሪፕት ነው። ሰርቨሩ ቴምፕሌቱን ሞልቶ ገጹን ይሰዳል፤ ስክሪፕቱም ሌላ ጥያቄ ካልላከ በቀር በገጹ ተጽፎ የመጣለትን ብቻ ያነባል።

የተማሪን ስም በስክሪፕቱ ትእዛዝ መካከል እንዲሁ መጻፍ ግን አደጋ አለው። ተንኰለኛ ሰው በስሙ ፈንታ የስክሪፕት መዝጊያ ምልክትና አዲስ ትእዛዝ ቢያስመዘግብ፥ ብራውዘሩ የፊተኛው ስክሪፕት ያለቀ መስሎት የተንኰለኛውን ትእዛዝ ይፈጽማል። በዚህም የሌላው አንባቢ ምሥጢር ሊሰረቅ ይችላል።

መድኃኒቱ ይህ ነው። ቃሉ በጄሶን ሥርዓት ይጻፍ፤ መክፈቻና መዝጊያ የሆኑት ምልክቶችም በኮድ ቍጥራቸው ይተኩ፤ ከዚያም እንደ ትእዛዝ በማይፈጸም ክፍል መለያ ስም ተሰጥቶት ይቀመጥ። ስክሪፕቱም በመለያው ፈልጎ ያነበዋል። ጃንጎ የተባለው የፓይተን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው 2.1 እትሙ ይህን ሁሉ የሚሠራ ማጣሪያ ጨምሯል።

ዳሩ ግን ይህ ጥንቃቄ ምሥጢርን አይሸሽግም። የገጹን ምንጭ ማንም ገልጦ ያያልና፥ አንድ ተማሪ ውጤቱን ሲጠይቅ የእርሱ ብቻ ይላክለት፤ የጓደኞቹ በመዝገቡ ይቅር።