ስጦታና ባለቤትነት፦ ቅዱሳን ቅርሶችን በገንዘባቸው ስለሚረዱ ሰዎችና ድርጅቶች



ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ቁምስና አንድ ለጋስ ሰው የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በሙሉ በራሱ ወጪ ቀለም ለማስቀባት ፈቃደኛ ሆነ። እኛም ደስ ብሎን ተቀበልን። ሰውየው ግን አሮጌው የግድግዳ ሥዕል በቀለም እንዲሸፈን ይፈልግ ነበር። ሰጪውን እንዳናስቀይም ብለን ዝም አልን፤ ሥዕሉም በሁለት ቀን ውስጥ ከዓይን ጠፋ። በሚቀጥለው እሑድ አንዲት እናት በወትሮው ቦታቸው ቆመው ባዶውን ግድግዳ ሲመለከቱ አየሁ፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። ጥፋቱ የሰጪው ብቻ አልነበረም። እኛ መቀበልን እንጂ መጠየቅን አልተማርንም ነበር። ይህን ትምህርት ያዘጋጀሁት ስለዚህ ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ጥንታዊ ልማድ

ኪነ ጥበብን በገንዘቡ የሚረዳ ባለ ሀብት በጣሊያንኛና በፈረንሳይኛ የሚጠራበት ቃል የተገኘው ከሮማዊው ከጋዩስ ሜቄናስ ስም ነው። እርሱም የአውግስጦስ ቄሣር ወዳጅና አማካሪ ሲሆን፣ እንደ ቨርጂልና ሆራስ ያሉትን ባለ ቅኔዎች ይረዳ ነበር።

በክርስትናው ዘመን ከሚታወቁት ደጋፊዎች አንዱ የፓዶቫው ባለ ሀብት ኤንሪኮ ስክሮቬኚ ነው። በ1305 የተቀደሰውን ቤተ ጸሎት አሠርቶ፣ ግድግዳውን በዘመኑ ታላቅ ሠዓሊ በጆቶ አሣለ። አባቱ ሬጂናልዶ በአራጣ አበዳሪነት የታወቀ ስለ ነበር፣ ዳንቴ በመለኮታዊ ኮሜዲ ውስጥ በሲኦል ካሉት አራጣ አበዳሪዎች መካከል አስቀምጦታል። ስለዚህ ብዙዎች ኤንሪኮ ቤተ ጸሎቱን ያሠራው ለአባቱ ኃጢአት ካሣ እንዲሆን ነው ይላሉ። በመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ላይም በዳኑት ወገን ሆኖ የቤተ ጸሎቱን አምሳል ለእመቤታችን ሲያቀርብ ይታያል። በዚያው በ1305 ጎረቤቶቹ መነኮሳት፣ ሕንፃው ከተፈቀደው አልፎ ለታይታ ተሠርቷል ብለው ከሰውታል። በአንድ ሰው እጅ ንስሐና ውዳሴ ከንቱ ተቀላቅለው ሊገኙ እንደሚችሉ ከዚህ እንማራለን።

በሀገራችንም ሰጪን ከሥዕሉ ግርጌ ማሳየት የታወቀ ነው። እቴጌ ምንትዋብ በጣና ሐይቅ ባሠሯት በናርጋ ሥላሴ፣ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

2. የሲስቲና ቤተ ጸሎት፦ ልክ ያለው ውል

በዘመናችን ግን ከግለሰብ ይልቅ ድርጅቶች በሰጪነት ቀርበዋል። በቫቲካን የሚገኘው የሲስቲና ቤተ ጸሎት ሥዕሎች ከ1980 እስከ 1994 ሲጸዱና ሲጠገኑ ወጪውን የቻለው ኒፖን ቴሌቪዥን የተባለው የጃፓን ድርጅት ነው። በምላሹም ሥራውን ፎቶግራፍ የማንሣትና ፊልም የመቅረጽ ብቸኛ መብት አገኘ፤ መብቱም እያንዳንዱ የሥራ ክፍል ከተፈጸመ ከሦስት ዓመት በኋላ የሚያበቃ ነበር።

ሥዕሎቹ ግን አልተሸጡም። ቤተ ጸሎቱም ጸሎት ቤት ከመሆን አልተቋረጠም። ስለ አጸዳዱም በሊቃውንት ዘንድ ብርቱ ክርክር ቢነሣም፣ ውሳኔው የቫቲካን ሙዚየም ባለሙያዎች እንጂ የከፋዩ አልነበረም። ምን እንደሚሰጥ፣ ምን እንደማይሰጥና እስከ መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኖ ነበር።

3. የፓሪስ ኖትር ዳም፦ የብዙዎች እጅ

ሚያዝያ 15 ቀን 2019፣ በሰሙነ ሕማማት ሰኞ ማታ፣ የፓሪስ ካቴድራል ጣሪያ በእሳት ወደመ፤ ረጅሙ የጣሪያ ጫፍም ተደርምሶ ወደቀ። በጥቂት ቀናት ውስጥ የፈረንሳይ ታላላቅ ባለ ሀብቶች ቃል ገቡ፤ የአርኖ ቤተሰብ ከድርጅቱ ጋር 200 ሚሊዮን፣ የፒኖ ቤተሰብ 100 ሚሊዮን ዩሮ። በመጨረሻም ከ150 ያህል አገሮች 340,000 ያህል ሰጪዎች 846 ሚሊዮን ዩሮ አዋጡ። ካቴድራሉ ታኅሣሥ 7 ቀን 2024 ዳግመኛ ተከፈተ፤ በማግሥቱም አዲሱ መንበር ተቀደሰ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ በፈረንሳይ ሕግ አንድ ድርጅት ለእንዲህ ያለ ሥራ ሲሰጥ፣ በሕጉ በተወሰነ ጣሪያ መሠረት፣ ከስጦታው 60 በመቶ ያህሉ ከግብሩ ሊቀነስለት ይችላል። እንግዲያስ የድርጅቱ ስጦታ በከፊል የሕዝብ ገንዘብ ነው ማለት ነው። ይህ ክርክር ሲነሣ የፒኖ ቤተሰብ የግብር ቅናሹን እንደማይጠይቅ አስታውቋል። ሁለተኛ፣ ከቃጠሎው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ሥራው የተካሄደው በአብዛኛው ከጥቂቱ በሰጡ ግለሰቦች ገንዘብ ነበር፤ ታላላቆቹ ውላቸውን እስኪጨርሱ ድረስ ክፍያቸው ዘግይቷልና። በኋላ እነርሱም ከፍለዋል። ሆኖም በቤተ መቅደስ ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት እዚህ ላይ ማን አያስታውስም?

4. ለድሆች ቢሰጥ አይሻልም ነበርን?

በዚያው ሰሞን በፓሪስ ጎዳናዎች፣ “ለድንጋይ ገንዘብ ተገኘ፤ ለድሃ ግን የለም” የሚል ቁጣ ተሰማ። ይህን ጥያቄ አቃልለን ልናልፈው አይገባም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በማቴዎስ ወንጌል ላይ ባስተማረው ትምህርት፣ ወንድሙን በረሃብ እየተወ መሠዊያን በወርቅ የሚያስጌጥ ክርስቶስን እንደማያከብረው አጥብቆ ገሥጿል።

ነገር ግን በቢታንያ ሽቱው ለድሆች ለምን አልተሸጠም ብሎ የጠየቀው ይሁዳ እንደ ነበር፣ ለድሆችም ተገድዶ እንዳልነበር ወንጌላዊው ዮሐንስ ይነግረናል። ጌታችን ያን የፍቅር ስጦታ ተቀበለ። በውድ ሥዕል የተጌጠ ቤተ ክርስቲያን በሩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ በቤቱ አንድም ጌጥ የሌለው ድሃ ያንን ውበት እንደ ራሱ ሀብት ያየዋል። ስለዚህ ፍትሕ የሚጓደለው ሁለቱም ሲሰጡ ሳይሆን፣ አንዱ የሌላው ማምለጫ ሰበብ ሲሆን ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በ1963 ስለ ሥርዓተ አምልኮ ባወጣው ሰነድ፣ በቅዱስ ጥበብ ከብልጭልጭ ይልቅ ክቡር ውበት እንዲፈለግ፣ የከበሩ ዕቃዎችም እንዳይባክኑ አደራ ብሏል።

5. ለቁምስናችን የሚሆን

ስጦታ ሲቀርብልን ሦስት ነገሮችን እናድርግ። አስቀድመን እናመስግን፤ ልግስና በጎ ሥራ ነውና። ቀጥለን ስምምነቱን በጽሑፍ እናስፍር፤ ስሙ የት እንደሚጻፍ፣ ምን እንደሚታደስ፣ ምን እንደማይነካ ይታወቅ። በመጨረሻም አሮጌ ሥዕል፣ መጽሐፍ ወይም ንዋየ ቅድሳት ከመለወጡ በፊት ሀገረ ስብከቱንና ባለሙያን እንጠይቅ። ቅርሱ ለእኛ በአደራ የተሰጠን እንጂ ባለቤቱ እኛ አይደለንም፤ ስለዚህ ለሰጪ አሳልፈን ልንሰጠው አንችልም።

ያን ባዶ ግድግዳ ዛሬም አልረሳሁትም። በጊዜው አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ ኖሮ፣ ሰውየውም ምናልባት ሥዕሉን በማስጠገን ደስ ይለው ነበር።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በቁምስናችን በስጦታ የተገኙ ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? ታሪካቸው ተመዝግቧልን?
2. ሰጪ ስሙ እንዲታይ ቢፈልግ ጌታችን ስለ ቀኝና ግራ እጅ ካስተማረው ጋር እንዴት ይታረቃል?
3. ለሕንፃ በምናዋጣበት ዓመት ለድሆች የምንሰጠው ይቀንሳልን? ለምን?